ሎሚ አምጡ!

ዓሣ በቀረበበት ማዕድ «ይሸታል» የሚል ሰው አይጠፋም። እንዲያውም ቤተሰብ ሲሰባሰብ ይህን ለመናገር አስቀድሞ የተሾመ ሰው ያለ ይመስለኛል። እኛ ዘንድ ሹመቱ የአክስታችን ነው። ጥሬ ሥጋ በሚጥሚጣ ሲጎርሱ ቅንድባቸው የማይነቃነቅ ሴት፣ ዓሣ ሲያዩ ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ይስባሉ።

ለዕረፍት ሐዋሳ በወረድንበት ሰሞን ከአሜሪካ የመጣው የባለቤቴ ወንድም መዘውር ያለው የዓሣ ማጥመጃ ይዞ ነበር። «ዓሣ ገዝቶ መብላት ስንፍና ነው» ብሎ ልጆቹን ዳር ላይ አሰለፈ። አጠገቡ የቆመ የሰፈር ልጅ በእንጨትና በሲባጎ ቆሮሶውን በላይ በላዩ ይጎትታል። የእኛ ሰው ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ መዳፍ የምታክል አንዲት ቆሮሶ ያዘ፤ ፎቶ ማንሳቱ ከማጥመዱ ያልተናነሰ ጊዜ ፈጀ። የጎደለውን አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ሄደን ገዝተን ሞላን። እዚያ ያሉት ልጆች ቅርፊቱን ገፈው፣ ፊሌቶ አውጥተው፣ አጥንቱን ለአባ ኮዳ ወፎቹ ሲወረውሩ ዓይን አይከተላቸውም።

ገና ከውሃ ለወጣ ዓሣ ዘይት፣ ጨውና ዳጣ ምን አነሰው? አክስታችን ግን «ሎሚ አምጡ!» አሉ። ሎሚ መጣ። ነጭ ሽንኩርት ተከተለ፤ ዝንጅብል፣ የጥብስ ቅጠል፣ በመጨረሻም በርበሬ። ምድጃው ላይ የተጣደው «ዶሮ ነኝ» ቢል የሚከራከረው አልነበረም።

ነገሩ ስለከነከነኝ ስለ ሽታ ማንበብ ጀመርኩ። ዓሣ ሲያድር የሚሸተው ባክቴሪያ ሲሠራበት ነው። ትኩሱ የሐይቅ ዓሣ ላይ የሚመጣው ጭቃ ጭቃ የሚል ጠረን ግን ሌላ ነው፤ ጂኦስሚን ይባላል። ውሃ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ይሠሩታል፣ ዓሣው ገላ ውስጥ ይገባል። መሬት ውስጥም ዘመዶቻቸው ይህንኑ ይሠራሉ፤ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ከአፈሩ የሚነሳው ጠረን ከዚሁ ከጂኦስሚን ነው። ያን ጊዜ አክስታችን በረንዳ ወጥተው አየሩን እየማጉ «እሰይ፣ እንዴት ደስ ይላል!» ይላሉ። ከመሬት ሲነሳ ምርቃት፣ ከዓሣ ሲነሳ ሎሚ! ይባስ ብሎ ጂኦስሚን አሲድ ሲነካው ይፈርሳል፤ ሎሚው በእርግጥ ይሠራል ማለት ነው። ይህን ለእሳቸው ሹክ ያለ ከቤተሰቡ መዝገብ ይሰረዛል።

ሽታ ከተነሳ ግን ስለ ሽታ እናውራ። ዓሣ ልንገዛ በሄድን ጊዜ አንድ ሰው መኪናውን ሐይቁ አፍ ላይ አቁሞ በሳሙና ያጥባል። አረፋው እየተንከባለለ ይወርዳል፤ የውሃ ፕላስቲክ፣ የጫት ገረባና የልጅ ዳይፐር ይቀበለዋል። ሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃ ይገባበታል እንጂ በገጹ የሚወጣ ወንዝ የለውም። የጣልንበትን ይዞልን የሚሄድ የለም። ሰውዬው አጥቦ ሲጨርስ እዚያው ሐይቅ ውስጥ እጁን ተለቃለቀና ዓሣ አዘዘ። ሲቀርብለት ምን አደረገ? አሸተተው! ጎንበስ ብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንደ ሽቶ ሻጭ አሸተተው። ጌታዬ፣ የራስህን ሳሙና ነው የምትፈልገው? ልነሳ ስል ባለቤቴ እጄን ያዘች።

ይሁን። ዕረፍት ላይ ደም ግፊት አይጋበዝም።

ዶሮ መሳዩ ዓሣም ተበላ። የባለቤቴ ወንድም የያዛት ቆሮሶ የቷ እንደሆነች ማንም ባያውቅም፣ እያንዳንዱ የሚጣፍጥ ቁራጭ የእሷ ነው እያለ አስጎረሰን። ስንመለስ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚል ክርክር ሻሸመኔ ላይ ተነሳ። ዝዋይ ስንደርስ የማን ንስሐ አባት ምን እንዳሉ እየተቆጠረ ነበር። መቂ ላይ ቲማቲም ለመግዛት ቆምን፤ አክስታችን የላይኛውን ትተው ከሳጥኑ ሥር እየቆፈሩ ማውጣት ጀመሩ፣ ሻጩም «እማማ፣ ኧረ አያገላብጡብኝ!» ብሎ ተቆጣ።