ቁሌት በኢየሩሳሌም

በኢየሩሳሌም የሚኖር ኢትዮጵያዊ ወጥ መሥራት የሚማረው በስልክ ነው። አስተማሪዋ እናት ወይም ታላቅ እኅት ናት፤ ተማሪው ደግሞ አገር ቤት ሳለ ማጀት ዝር ብሎ የማያውቅ፣ ወጥ ሲቀርብለት ግን አስተያየት ከመስጠት ቦዝኖ የማያውቅ ሰው ነው። ትምህርቱ የሚጀመረው ሽንኩርቱ ከተላጠ፣ ማለትም ለማፈግፈግ ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው።

የስልክ ትምህርቱ የራሱ የልኬት ሥርዓት አለው። ትንሹ መለኪያ ቁንጥር ነው፤ ከእሱ በላይ ጭብጥ፣ ከዚያም እፍኝ ይመጣል። ከሁሉም በላይ “በዓይንህ እየው” የሚባለው አለ፤ ይኸኛው ወሰን የለውም። ጊዜም በሰዓት አይቆጠርም፤ “ሽንኩርቱ ውሃውን እስኪጨርስ”፣ “በርበሬው እስኪበስል”፣ “ዘይቱ ወደ ላይ እስኪወጣ” እየተባለ ይነገራል። ስንት ደቂቃ ይፈጃል ብሎ የጠየቀ ተማሪ “ሲደርስ ታውቀዋለህ” የሚል መልስ ያገኛል። መልሱ ከፊዚክስ አንጻር እንከን አይወጣለትም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላባት በ92 ዲግሪ ግድም ነው፤ 800 ሜትር ያህል ላይ ያለችው ኢየሩሳሌም ግን ወደ 97 ትጠጋለች። በደቂቃ የምታስተምር እናት ብትኖር የልጇን ምስር ወጥ ገንፎ ታደርገው ነበር።

ለዚህ ጥናት የተመረጠው ሠፈር የኢትዮጵያ መንገድ ነው። ከነቢያት መንገድ አጠገብ፣ በረጃጅም የድንጋይ አጥሮች መካከል የሚያልፍ ጠባብ መንገድ ሲሆን፣ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ አስጀምረውት በዐፄ ምኒልክ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1893 የተፈጸመው ክቡ የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን እዚሁ ይገኛል። የድንጋይ አጥር ዓይንን ይከለክላል፤ የቁሌትን ሽታ ግን አይመክትም። ስለዚህ የማን ወጥ እንዳረረ ለመንገዱ ሁሉ ግልጽ ነው።

ለቁሌቱ የሚሆነው ሽንኩርት ከመሐኔ ይሁዳ ገበያ ይመጣል። እዚያ ግዕዝ የተማረ ሰው ይቀናዋል፤ ሽንኩርት በግዕዝ በጸል፣ በዕብራይስጥም ባጻል ነውና። (እስራኤላውያን በምድረ በዳ ሳሉ ለግብፅ ሽንኩርት ማልቀሳቸው በኦሪት ዘኁልቁ ምዕራፍ 11 ተጽፏል። የናፈቁት ያመለጡበትን አገር ምግብ ነው።) ቲማቲም ላይ ሲደረስ ግን ግዕዙ አይረዳም። በዚሁ በኢትዮጵያ መንገድ ይኖሩ የነበሩት የዕብራይስጥ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ኤልዔዘር ቤን-ይሁዳ፣ “አግባኒያ” የሚለውን የቲማቲም ስም ከፍትወት ጋር ከተያያዘ ሥር የወጣ ነው ብለው አልወደዱትም፤ ከዐረብኛው ተወስዶ “ባዱራ” እንዲባል ፈለጉ። ገበያተኛው አልሰማቸውም። ኢትዮጵያዊው ተማሪ በበኩሉ ሁለቱንም ስም ትቶ በጣቱ ያመለክታል።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ገበያው ይዘጋል። የሰንበት መግቢያው ድምፅ ከተሰማ በኋላ ሽንኩርት እንዳለቀበት የተረዳ ሰው በሰንበት ወደማይዘጋው የደማስቆ በር ገበያ ይወርዳል። እሑድ ደግሞ በዚያ አገር የሥራ ቀን ስለሆነ፣ ዶሮ ወጥ ለመሥራት ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱን ለአሠሪ ማስረዳት ከወጡ ይበልጥ ጊዜ ይወስዳል።

ዶሮ የራሱን ምዕራፍ ይፈልጋል። በወጉ 12 ብልት ይወጣዋል። ከሱፐርማርኬት የሚገዛው ግን በአራት ወይም በስምንት የተቆረጠ ስለሆነ፣ የጎደለውን ብልት በብልሃት ማሟላት ግድ ይላል። ከዚህ የከፋው የጨው ነገር ነው። በአይሁድ ሕግ ደሙ እንዲወጣ ሥጋው ግማሽ ሰዓት ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ፣ አንድ ሰዓት ጨው ተነስንሶበት፣ ከዚያ ደጋግሞ ይለቀለቃል፤ ኮሸር የሚባለው፣ ሕጉን የጠበቀ ዶሮ መደብር የሚደርሰው ይህ ሁሉ ከተፈጸመበት በኋላ ነው። ተማሪው ይህን ስለማያውቅ፣ እናቱ ባዘዘችው መሠረት እንደገና በጨውና በሎሚ ያሸዋል፤ ወጡ ላይም ይጨምርበታል። ሁለት ሥርዓቶች በየፊናቸው ያጠሩት ዶሮ ንጽሕናው አያጠራጥርም፤ በላተኛው ግን ሌሊቱን ውሃ ሲጠጣ ያድራል።

ቅቤም ሌላ ጣጣ ነው። በዚሁ በአይሁድ ሕግ ሥጋን ከወተት ተዋጽኦ ጋር ማብሰል ክልክል ሲሆን፣ ዶሮም በዚህ ረገድ እንደ ሥጋ ይቆጠራል። ስለዚህ በኮሸር ማድ ቤት ዶሮ ወጥ በዘይት ይሠራል፤ ክትፎና አይብም በአንድ ገበታ አይገናኙም። አይሁድ ቤት ተቀጥሮ የሚኖር ተማሪ የሥጋ ድስት ውስጥ ቅቤ ሲያነጥር ከተገኘ፣ ኮረሪማውና ኮሰረቱ የቱንም ያህል ቢሸት አያድነውም። የአይሁድ ሕግና የእኛ ሥርዓት የሚታረቁት በዐቢይ ጾም ነው። ሥጋም ወተትም የሌለበት ምግብ በዚያ አገር ፓርቬ ስለሚባል፣ ሽሮው፣ ምስሩና ጎመኑ 55 ቀን ሙሉ ማንንም ሳያስቀይሙ ይበላሉ። ልዩነቱ ፓርቬ እንቁላል መፍቀዱ ነው። ፓርቬ ዓሣንም ይፈቅዳል፤ የዓሣው ክርክር ግን በእኛው መካከልም ስላላለቀ ለሌላ ጥናት ይተላለፋል።

የውጭ ምግብ ትምህርት የሚጀመረው የራስ ወጥ ከተሳካ በኋላ ነው፤ ባይሳካም ይጀመራል። ቀዳሚው ፈተና የፍልስጤማውያን መቅሉባ ነው። ሩዝ፣ ዶሮና የተጠበሰ ደበርጃን ወይም አበባ ጎመን በድስት ተደርድረው ይበስሉና ድስቱ ትሪ ላይ ይደፋል፤ ስሙም በዐረብኛ “የተገለበጠች” ማለት ነው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ተማሪው ያደገው በአንድ ወገኑ ብቻ በሚጋገር፣ በማይገለበጥ እንጀራ ነው። ድስት ሙሉ ምግብ መገልበጥ በሐበሻ ማጀት የአደጋ ስም እንጂ የአሠራር ስም አይደለም። ስለዚህ አንዳንዱ እስከ መጨረሻው ተምሮ፣ መገልበጡ ላይ ሲደርስ ከድስቱ በጭልፋ እየቀዳ ያቀርባል።

ሑሙስ ከዚህ ይልቅ የዋህ ይመስላል። ሽምብራው ተዘፍዝፎ ያድርና፣ እስኪፈርስ ተቀቅሎ፣ ከጣሂና፣ ከሎሚና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ይፈጫል። ጣሂና የተፈጨ ሰሊጥ ነው፤ በዚያ አገር መደብሮች የተመሰገነው ከኢትዮጵያ፣ በተለይም ከሑመራ በሚሄድ ሰሊጥ የሚሠራው ነው። ሽምብራውም አገር ቤት ተቆልቶ፣ ተከክቶና ተፈጭቶ ሽሮ የሚሆነው ያው እህል ነው። ተማሪው ግን የሰው አገር ምግብ ሠራሁ ብሎ ኮርቶ ይደውላል። አሠራሩ ከአንድ እስከ መጨረሻ የተነገራት እናት በጥሞና ካዳመጠች በኋላ የምትሰጠው ብያኔ አጭር ነው፦ “ሽሮ ነው፤ ቁሌቱን ረስተውታል።”