እጅ ከፍንጅ

«እጁን ማን ክተት አለው?» ይላል የብረታ ብረት ቤቱ አለቃ። ስሙልኝ እንግዲህ! አንተ ነሃ! «ቶሎ ቶሎ በል፣ ማሽኑን አታቁመው፣ እየዞረ ጥረገው» ያለው ማን ሆነና? ሠራተኛው ጣቱን አጣ፣ አንተ ጣትህን ቀሰርክ። ለመቀሰርማ ያንተ ሙሉ ናቸው።

«ጥንቃቄ ጎድሎት ነው።» የጎደለውማ ሽፋኑ ነው! ቺንጋው ወደ ፑሌጃው የሚገባባት ጥግ ራቁቷን ናት። ዲናሞው በደቂቃ ወደ 1,450 ጊዜ ይዞራል፣ በሰከንድ 24 መሆኑ ነው። ሰው ደንግጦ እጁን እስኪሰበስብ ሩብ ሰከንድ ግድም ይፈጅበታል። እስከዚያ ዲናሞው ስድስቴ ዞሯል። ከቺንጋ የሚቀድም እጅ ካገኘህ ኦሎምፒክ ላከው እንጂ ብረት አታስቆርጠው። ለጥፋትህ ሽፋን ለመፈለግ ግን ማን ይቅደምህ!

«እኔ ሃያ ዓመት ስሠራ ምን ሆንኩ?» ምንም! ስትቆርጥ የኖርከው ደረሰኝ ነው፤ ደረሰኝ ጣት አይቆርጥም።

«ጓንት ገዝቼለታለሁ!» ይቺን ያዙልኝ። ለሚሽከረከር መሰርሰሪያ የጨርቅ ጓንት! መሰርሰሪያው አንዲት ክር ከያዘ እጁን ከነጓንቱ ይጠቀልለዋል። ጓንት ስለታም ጠርዝ ያለው ላሜራ ለመሸከም ነው። የሚዞር ነገር አጠገብ ጓንቱም ይውለቅ፣ ቀለበቱም ይውለቅ፣ እጅጌውም ይሰብሰብ። ይኼን ሳትነግረው ጓንት ሰጠሁ ብለህ እጅህን ታጠብክ።

«ያኛው ሠራተኛ ደግሞ መብራት ጠፍቶ ሳለ እጁን ከትቶ፣ መብራቱ መጣበት።» በኛ አገር የሄደ መብራት ድንገት እንደሚመለስ የማያውቅ ሕፃን አለ? ማጥፊያው እንደበራ ቀርቷል፤ ሠራተኛው የተወተፈውን ቁራጭ ሊያወጣ ጎንበስ ብሏል። መብራት መጣ፣ ሰፈሩ እልል አለ፣ እሱ ኡኡ አለ። መድኃኒቱ እኮ ግድግዳህ ላይ ነበር። ብሬከሩን ታወርዳለህ፣ ትቆልፈዋለህ፣ ቁልፉ እጁን በሚከተው ሰው ኪስ ይገባል። ኤሌክትሪሺያን ጠርተህ ኮንታክተር ብታስገባማ መብራት ቢመጣም ማሽኑ ማስነሻውን ዳግም ካልተጫኑ አይነሳም። አንተ ግን የሽንት ቤቱን ቁልፍ አንገትህ ላይ አንጠልጥለህ ትዞራለህ፤ ብሬከሩ ላለፈ ላገደመው ክፍት ነው!

«ለአንዲት ጣት ይሄ ሁሉ ጩኸት?» ከእጅ 27 አጥንቶች 14ቱ ጣቶች ውስጥ ናቸው። አውራ ጣቱ ሲሄድ የቀሩት አራቱ መዶሻ ሊይዙልህ ነው? ብሎን ሊያጠብቁልህ ነው? በወሩ መጨረሻ «ደመወዝህን ተቀበል፣ እዚህ ጋ አሻራ» የምትለውስ በየትኛው ጣት ነው?

«አሳከምኩት፣ የመሳፈሪያም ሰጠሁት።» መሳፈሪያ! ወዴት ሊሳፈርልህ? አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ባያጠፋም ኃላፊ ነው ይላል። ባያጠፋም! አንተማ ያላጠፋኸው ማሽኑን ብቻ ነው። መሥራት ባልቻለበት ጊዜ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ቀጣዮቹን ሦስት 75 በመቶ፣ ከዚያ ስድስት ወር 50 በመቶ ትከፍላለህ። አካሉ ለጎደለበት ካሳው ሌላ ነው። «መመሪያ ጥሷል» ብለህ ልታመልጥ አሰብክ? ሕጉ በግልጽ የተሰጠን የደህንነት መመሪያ የጣሰ ሠራተኛ ካሳ አያገኝም ማለቱ እውነት ነው። የሰጠኸው መመሪያ ግን «ቶሎ በል» ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ከነጣቱ አክብሮልሃል። ቺንጋው እጁን ያዘ፣ አዋጁ አንተን እጅ ከፍንጅ ያዘ!

«ሽፋን ላሠራ ብል ብረት ተወዷል።» ኧረ ሰው ይስማህ! የሰፈሩን ሁሉ የግቢ በር የሚበይድ ብረታ ብረት ቤት ለገዛ ቺንጋው ክዳን አጣ? ቁርጥራጩ ከጓሮህ ዝጎ ተቆልሎ የለም እንዴ? አንድ ላሜራ፣ አራት ብሎን፣ የግማሽ ቀን ሥራ። ዛሬውኑ ግጠመው። ብሎኑን የሚያጠብቅልህ አሥር ጣት ያለው ሰው ጥራ፤ ከተረፈልህ።