በርበሬ የነካ እጅ

ኅዳር 2011 ዓ.ም. ነው። በቡሬና በፍኖተ ሰላም በኩል በኅዳር ያለፈ ሰው ያውቀዋል፤ በርበሬ ያልተሰጣበት ደጅ የለም፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ እያስነጠሰ ነው የሚያልፈው። የኛም ደጅ ቀልቷል። ባለቤቴ ከእናቴ ጋር ሰሌን ላይ ተቀምጣ ከጠዋት ጀምሮ ዛላ ስትቀነጥስ ዋለች። ልጃችን ከእንቅልፏ ተነሥታ ማከክ ስትጀምር ብድግ ብላ እጇን በውሃ ተለቃለቀችና ከቫዝሊኑ ዝቃ የልጅቷን የክርን እጥፋት፣ የጉልበቷን ጀርባ፣ ጉንጯን ሳይቀር ቀባቻት።

ጩኸቱን እስካሁን እሰማዋለሁ።

1 ዓመት ከ7 ወሯ ነበር። አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ትንፋሿ እስኪቆራረጥ ነው የጮኸችው። እኔ በጆግ ውሃ አፈሰስኩባት፤ ባሰባት። ባለቤቴ እጇን እያየች ደርቃ ቀረች። እናቴ ናት ነገሩ የገባት። «ውሃውን ተወው ልጄ! በርበሬ በውሃ ይለቃል?» ብላ ንጹሕ ጨርቅ ዘይት አስነክታ ቀስ እያለች ጠረገቻት፤ ከዚያ በሳሙና አጠበቻት፤ ደግማም ጠረገቻት። የበርበሬን ማቃጠል የሚፈታው ቅባት ነው፤ ውሃ አይነካውም። ቫዝሊኑም ያደረገው ይህንኑ ነበር፤ ከባለቤቴ ጣት የቀረውን በርበሬ ፈትቶ በተላጠው ገላ ላይ አዳረሰው።

መከራው ግን የጀመረው ከበርበሬው በፊት ነው። ስድስት ወር ሲሞላት ጉንጯ ቀላ፣ ሻከረ፣ ከዚያ ውሃ ቋጠረ። ዓመት ሲሆናት ወደ ክርኗና ወደ ጉልበቷ እጥፋት ወረደ። በምንኖርበት በገበዝ ማርያም ሕፃን ታመመ ከተባለ መካሪ አይጠፋም፤ ሁሉም የሚመክረው ከልቡ ነው። አንዷ ጎረቤታችን «ምች ነው» ብላ ዳማ ከሴ አሽታ አመጣች። ሌላዋ ጭርት አለችው። ጠበል ወሰድናት፤ ጠበሉን በእምነት ነው የወሰድነው፣ ዛሬም አይቆጨኝም። የሚቆጨኝ ከተጠመቀች በኋላ ገላዋ ሳይቀባ በነፋስ እንዲደርቅ መተዋችን ነው። ከአንድ መድኃኒት ቤት ደግሞ «እከክ ነው» ተብለን የእከክ መድኃኒት ተሰጠን፤ በቆሰለው ላይ ሳፈስባት ቀና ብላ ያየችኝን አስተያየት አልረሳውም። እከክ ቢሆን ኖሮ በአንድ አልጋ የምንተኛው እኛንም ማታ ማታ ባሳከከን ነበር።

የበሽታው ስም ችፌ ነው። የፈረንጅ ልጆች በሽታ ነው ያለኝ ሰው አለ፤ አይደለም። በጅማ ከ1 እስከ 5 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ ፕሮፌሰር አብርሃም ኃይለአምላክና ባልደረቦቻቸው አጥንተውት በ2005 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። አስተማሪ ነኝና ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። አንዱ ነገር በተለይ አስገረመኝ። በ2006 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ፣ ፊላግሪን የሚባለውን የቆዳ ፕሮቲን የሚያጎድል የዘረ መል ስህተት ከችፌ ጋር እንደሚያያዝ ተደረሰበት። በ2011 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ኢትዮጵያውያን ታማሚዎች ሲመረመሩ ግን፣ ከአንድ አዲስ ዓይነት በቀር፣ ያ ስህተት አልተገኘባቸውም። የኛ ልጆች ቆዳ የሚያፈሰው በሌላ ቀዳዳ ነው ማለት ነው፤ ማፍሰሱ ግን ያው ማፍሰስ ነው።

ከሁሉ የሚከብደኝ የምግቡ ነገር ነው። «ደሟ ተበላሽቷል፣ እንቁላልና ወተት ነው የሚያሳክካት» ተባለ፤ እኛም አመንን። መጀመሪያ እንቁላሉን ነሣናት፣ ቀጥሎ ወተቱን፣ ቀጥሎ ቅቤውን። ለአራት ወር ያህል ድንችና እንጀራ በውሃ ወጥ ብቻ ነበር የምትበላው። ማከኩ አልቀነሰም። ከበርበሬው ቀን ጥቂት ቀደም ብሎ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤታችን መጣችና ያችን ባለ ሦስት ቀለም መለኪያ በልጄ ክንድ ላይ ጠመጠመች። 12.2 ሴንቲ ሜትር። ቢጫ። ከ12.5 በታች ቢጫ ነው፣ ከ11.5 በታች ቀይ። «ጋሼ፣ ይቺ ልጅ ምን እየበላች ነው?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። ልጄ ቤቴ ውስጥ፣ ዶሮዎቼ እንቁላል እየጣሉ፣ ተርባለች።

ከበርበሬው ማግስት በሚኒባስ ወደ ፍኖተ ሰላም ወሰድናት። ሐኪሙ ያጋጠመንን ሁሉ ዝም ብሎ ሰማን፤ አልተቆጣንም። አንድ ሰው ሰጥቶን ለሳምንታት ፊቷን ስንቀባት የነበረውን ክሎቤታሶል ሳሳየው ግን ፊቱ ተለወጠ። ከስቴሮይድ ቅባቶች ሁሉ እጅግ ኃይለኛ ከሚባሉት ነው፤ የሕፃን ፊት አይቀባም፣ ቆዳ ያሳሳል። በሦስት ቀን ሲያጠፋላት ተአምር መስሎን ነበር። በአንድ ጊዜ አቆምነው፤ በሳምንቱ ካለፈው ብሶ ተመለሰ። በምትኩ 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲዞን ጻፈልንና መጠኑን በራሱ ጣት አሳየን፤ ከቱቦው በአዋቂ ሌባ ጣት የመጨረሻ አንጓ ልክ የሚጨመቀው ግማሽ ግራም ያህል ነው፣ ከነጣቶቹ ሁለት የአዋቂ መዳፍ የሚያህል ገላ ይሸፍናል። የቀላው ላይ ብቻ፣ እሱ ባለው ቀን ልክ ብቻ።

«እንቁላሉስ?» አለችው ባለቤቴ። ከዚህ በፊት በልታ ከንፈሯ አብጦ፣ አስመልሷት፣ ሰውነቷ ወዲያው ሽፍ ብሎ ያውቅ እንደሆነ ጠየቃት። አያውቅም። ምግብ ለአንዳንድ ልጆች በእርግጥ ጠላት ነው፤ ጠላትነቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች፣ ቢዘገይ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይታወቃል። እንደኛ በጥርጣሬ ብቻ ገበታ ማጉደል የልጁን አጥንት ይጎዳል። በሚቀጥለው ቀን በደንብ የበሰለ እንቁላል ሩብ ሰጠናትና ሰዓት ይዘን ተቀመጥን። ሁለት ሰዓት አለፈ። ሌላውን ሩብ በምልክት ጠየቀችን፤ ባለቤቴ አለቀሰች።

ቫዝሊኑን ሐኪሙ አልነቀፈውም። የነቀፈው አቀባባችንን ነው፤ ስታክ ብቻ ነበር የምንቀባት። ለብ ባለ ውሃ አጠር አድርጎ ማጠብ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ መቀባት፣ ደህና በሆነችበትም ቀን ጠዋትና ማታ መቀባት። ይህን ለእናቴ ማስረዳት ይከብደኛል ብዬ ነበር። ሰምታኝ ስታበቃ፣ «እንደ ምጣድ ነዋ!» አለችኝ። «ምጣድ እኮ ትናንት አስሼዋለሁ ተብሎ አይተውም፤ ጎመን ዘሩ በየእንጀራው ነው። ካላሰስከው ይይዛል።» እኔ ከሐኪሙ ጋር ያን ያህል አውርቼ ያልያዝኩትን በአንድ ቃል ጨረሰችው። በዚያው ቀን ባናውን ከልጅቷ መኝታ አንሥታ የራሷን ጋቢ አለበሰቻት፤ ሱፍ ያሳክካል፣ ጥጥ አያሳክክም። ጥፍሯንም በየሳምንቱ የምትቆርጥላት እሷ ሆነች።

ችፌው አልጠፋም። በደረቁ ወራት ይመለሳል፣ በክረምት ይለዝባል። ምግቡ ከተመለሰላት በወሩ ግን የክንድ መለኪያው አረንጓዴ ላይ ደረሰ። ቫዝሊኑ በማንኪያ ይወጣል፣ ጣት አይገባበትም። በኅዳርና በታኅሣሥ ቀቢው እኔ ነኝ፤ በነዚያ ሁለት ወራት በርበሬው አጠገብ አልደርስም። ማታ ማታ ኩራዙን አቅርቤ ስቀመጥ እጅጌዋን ራሷ ትሰበስባለች፤ አንዱን ክርን ጨርሼ ወደ ሌላው ሳልፍ የዘለልኩትን ቦታ በጣቷ እያሳየች «እዚህ» ትለኛለች።