ጉርዱን አሳዩን

ጉርድ ሾላ ባቡር ጣቢያ አጠገብ አንድ ሰው ካርቶን ይዞ ቢቆምስ? በወፍራም እስክሪብቶ «ብሩ የት ገባ?» ብሎ ጽፎ፣ ሌላ ምንም የለም። ወደ አያት የሚሄደው ተሳፋሪ ምን እንደሚለው አውቃለሁ። እስቲ ሰውዬውን ሆኜ ልመልስ።

«ብቻህን?»
ስንት ሆነው እንደበሉ ይንገሩኝና ያንኑ ያህል ሆኜ እመጣለሁ።

«ፈቃድ አለህ?»
አዋጅ ቁጥር 3/1983 ሰልፍ የሚጠራውን እንኳ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ አሳውቅ ነው የሚለው። ብሩ ሲወጣ ለኛ ማን አሳወቀን?

«የምን ብር ነው ደግሞ?»
ኅዳር 3 ቀን 2011 የያኔው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ብርሃኑ ጸጋዬ በሰጡት መግለጫ፣ የመንግሥት የነበረው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) በስድስት ዓመት ውስጥ 37 ቢሊዮን ብር የሚያወጣ የውጭ ግዢ ያለ ጨረታ ፈጽሟል ተባለ። ለወረዳ ቢሮ ወንበር የምትገዛ ሠራተኛ ሦስት ፕሮፎርማ ለመሰብሰብ ከሱቅ ሱቅ ስትዞር ትውላለች፤ አንዱ ማኅተም ከደበዘዘ ተመልሳ ትሄዳለች። ተቆራርጠው ብረታቸው ሊቀልጥ የተገዙ ሁለት አሮጌ መርከቦች ለንግድ ባሕር ላይ ወጡ መባሉንም የሰማነው ያኔ ነው። የሜቴክ ፕሮፎርማ ስንት ነበር?

«ኃላፊዎቹ ታስረው የለ እንዴ!»
የሰው መታሰር ደረሰኝ አይሆንም። ጥፋተኛውን ፍርድ ቤት ይለየው፤ እኔ የጠየቅሁት ብሩን ነው።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል።»
የተሻረውስ ይቆጨው። የተበላበት ግን ይርበዋል። ይህን ተረት ልጆቼ ፊት አትድገሙብኝ።

«አንተ ማን ነህና?»
ደሞዜ እጄ ሳይገባ ግብር ሲቆረጥ ማን ነህ ብሎኝ የሚያውቅ የለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12ም የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል፤ ሕዝብ ማለት ደግሞ አንድ ሲደመር አንድ ነው።

«እብድ ነው፣ ተዉት።»
አያቶቻችን ንጉሥ በሚያልፍበት መንገድ ቆመው «ጃንሆይ፣ አቤት!» ሲሉ እብድ አልተባሉም፤ ባለጉዳይ ነበሩ። እኔም ባለጉዳይ ነኝ።

«ቆየ እኮ! እርሳው።»
የዚህ ሰፈር ሾላስ ከተቆረጠ ስንት ዘመኑ? የታክሲው ረዳት ግን ዛሬም ጠዋት «ጉርድ ሾላ! ጉርድ ሾላ!» ሲል ነበር። ዛፍ እንኳ ሲቆረጥ ጉርዱን ይተዋል። የደረሰኙ ጉርድ የታል?