ሞተርህ በየት በኩል ይተነፍሳል?

«ወንድሜ፣ ይቺን ጣሳ ብቻ እሰራት፤ ሞተርህ አዲስ ይሆናል!» ይላል የሱማሌ ተራው የመለዋወጫ ነጋዴ፣ ቀይ ቀለም የተቀባች የአሉሚኒየም ጣሳ መዳፉ ላይ እያገላበጠ።

መጀመሪያ ክዳኗን ክፈትልኝ። ውስጧ ባዶ ከሆነ የያዝከው ጌጥ ነው፤ ጌጥ ደግሞ አንገት ላይ ያምራል እንጂ ኮፋኖ ሥር ማን ያየዋል?

«ሁሉም እኮ እያሰረ ነው።»

ሁሉም ካሰረ ሁሉንም እንጠይቃለን። ሞተሩ ናፍጣ ነው ቤንዚን? ጋዙ ከየት ወጥቶ ወዴት ይገባል? ቱቦው ስንት ሚሊሜትር ነው? ይህን ሳትመልስ ከሸጥክልኝ አንተ ዕቃ ሸጥክ፣ እኔ ጣጣ ገዛሁ።

ነገሩን አክርሬ የያዝኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ተከልክሏል። አሁን ደጅህ የቆመው ቱርቦ ሞተር ምትኩ በቀላሉ አይመጣም፤ ዕድሜውን የሚያስረዝመውንና የሚያሳጥረውን ለይተህ ማወቅ አለብህ። ካች ካን የሚባለው ይህ ጣሳ ደግሞ እንደ አመራረጡና እንደ አገጣጠሙ ሁለቱንም ማድረግ ይችላል።

የፒስተን ፋሻ የቱንም ያህል ቢገጥም፣ ከሚቃጠለው ጋዝ ጥቂቱ እየሾለከ ክራንክሻፍቱ ወደሚሽከረከርበት ወደ ሞተሩ ሆድ ይወርዳል። መካኒኮች ብሎባይ የሚሉት ይህንን ነው። ቱርቦ ሲጨመርበት የሲሊንደሩ ግፊት ከፍ ስለሚል ሹልክታውም ይበዛል። ጋዙ የዘይት ጭጋግ፣ የውሃ ተንና ያልተቃጠለ ነዳጅ ተሸክሞ መውጫ ይፈልጋል። በድሮ መኪኖች መውጫው ወደ አስፋልቱ የዞረ ቱቦ ነበር። በካሊፎርኒያ ከ1961፣ በመላው አሜሪካ ደግሞ ከ1963 ሞዴሎች ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) ጋዙ ተመልሶ ሞተሩ ውስጥ እንዲቃጠል ተደረገ። ለከተማው አየር ትልቅ እፎይታ ነበር። ዘይቱ ግን ከጋዙ ጋር አብሮ ወደ አየር ማስገቢያው መግባት ጀመረ። ካች ካን በዚህ መንገድ መሀል ተቀምጦ ጋዙን የሚያሳልፍ፣ ዘይቱን የሚያስቀር ጣሳ ነው።

«ታዲያ ትንሽ ዘይት ምን ይጎዳል? ዘይት እኮ ያለሰልሳል!»

ዘይት የሚያለሰልሰው ብረት ከብረት በሚፋተግበት ቦታ ነው፤ አየር በሚያልፍበት ቦታ ግን ይለጠፋል። ቱርቦው የነፋውን አየር የሚያቀዘቅዘውን ኢንተርኩለር ከውስጥ ለብሶ ሙቀት እንዳያስወጣ ያደርገዋል። በናፍጣ ሞተር ከጭሱ ጥቂቱን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ኢጂአር ይዞት ከሚመጣው ጥላሸት ጋር ተቦክቶ አየር ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለውን ማኒፎልድ በጥቁር ጭቃ ያጠበዋል። በቤንዚን ሞተር የነዳጁን ኦክቴን አውርዶ ያለጊዜው ያፈነዳዋል፤ በማንኳኳት ድምፅ የሚታወቀው ይህ ፍንዳታ ፒስተን ሊበሳ ይችላል። ቤንዚኑ በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጭ ከሆነማ የመግቢያውን ቫልቭ ጀርባ የሚያጥበው ነገር ስለሌለ ዘይቱ እዚያው እየተጋገረ ይከመራል። ትንሽ ያልከው ዘይት እንግዲህ ይህን ሁሉ ይሠራል።

«ገባኝ። አንድ ጣሳ፣ ሁለት ቱቦ፣ በቃ!»

ናፍጣ ከሆነ አዎ። በሃይሉክስና በፕራዶ የምናውቀውን 3.0 ሊትሩን የቶዮታ ዲ ፎር ዲ ውሰድ። ጋዙ ከሞተሩ ራስ ክዳን ወጥቶ በአንድ ቱቦ ከቱርቦው በፊት ወዳለው የአየር መግቢያ ይሄዳል። መንገዱ አንድ ስለሆነ አንድ ጣሳ መሀሉ ላይ ይበቃዋል።

ቤንዚን ቱርቦ ግን ሁለት ጠባይ አለው፤ ገንዘብ የሚባክነውም እዚህ ላይ ነው። መብራት ይዞህ ስትቆም ወይም በዝግታ ስትነዳ ማኒፎልዱ ውስጥ ቫኪዩም ስላለ ጋዙ የሞተሩን ሆድ በሚያስተነፍሰው በፒሲቪ ቫልቭ በኩል ይሳባል። ረግጠኸው ቱርቦው ሲነፋ ግን ያው ማኒፎልድ በግፊት ይሞላል፤ ፒሲቪው ይዘጋል፤ ጋዙ በሌላኛው ቱቦ ከቱርቦው በፊት ወዳለው መግቢያ ይዞራል። ብሎባይ እጅግ የሚበዛውም በዚያች ሰዓት ነው። አንተ ግን ጣሳህን ያሰርከው በፒሲቪው በኩል ብቻ ነው። ሌባው በጓሮ ሲወጣ ዘበኛህ የፊት በር ላይ ቆሟል!

ስለዚህ ለቤንዚን ቱርቦ ወይ ሁለት ጣሳ፣ ወይ አንድ መግቢያና ሁለት መውጫ ያለው ጣሳ ያስፈልጋል። በሁለቱም መውጫዎች ላይ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ይግባ። «ቫልቩ ይቅር፣ ዋጋ ያንሳል» የሚልህን ሰው እንዲህ በለው፦ ቫልቩ ከቀረ ቱርቦው የነፋው አየር በጣሳው በኩል ወደ ሞተሩ ሆድ ይገባል፤ ያን ጊዜ የዘይት ማኅተሞቼን ዋጋ አንተ ትከፍላለህ?

«እኔ ግን አናቱ ላይ ትንሽ ፊልትሮ ያለበትን ነው የምወደው፤ ያምራል።»

ያምራል፤ አቧራም ያስገባል። ጣሳው ከአየር መግቢያው ጋር በቱቦ ተያይዞ ሳለ አናቱ ክፍት ከሆነ ሞተሩ በዚያች ቀዳዳ አየር ይስባል። ያ አየር በዋናው ፊልትሮ አላለፈም፤ የአየር መጠን መለኪያው ሴንሰርም አልቆጠረውም። ኮምፒውተሩ ላልቆጠረው አየር ነዳጅ አይመጥንም፤ የጠጠር መንገዱ አቧራም ቱርቦውን ሳይከለከል ያገኘዋል። መልሶ የማያስገባውና ሁሉንም ወደ ውጭ የሚተፋው ዓይነት ደግሞ ሽታውን በጋቢናው አየር ማስገቢያ ወደ ልጆችህ ወንበር ያመጣዋል፤ ከስድሳ ዓመት በፊት የተዘጋውን ቱቦም እንደገና ይከፍታል። ካሊፎርኒያ ያላችሁ ወገኖች፣ የጭስ ሥርዓቱን የሚነካ ዕቃ ከግዛቲቱ የፈቃድ ቁጥር ውጭ በመንገድ መኪና ላይ ማሰር ሕግ መጣስ መሆኑን እወቁ። ዝግ ሥርዓት ምረጡ፤ ወደ ሞተሩ የሚመለስ።

አሁን ወደ ጣሳው ሆድ እንግባ። ባዶ ጣሳ ጋዙን በአንዱ አፍ ተቀብሎ በሌላው ይሸኘዋል፤ ከጭጋጉ የሚያስቀረው ከግድግዳው ጋር የተላተመውን ጥቂቱን ብቻ ነው። የሚሠራ ጣሳ ጋዙን የሚያጠማዝዙ ክፍልፋዮች አሉት፤ ከዚያም ደቃቋ ጠብታ ከጠብታ ጋር ተገናኝታ ከብዳ የምትወርድበት የማይዝግ ሽቦ መረብ ወይም ማጣሪያ አለው። ቡና የምታፈላ ሴት በጀበናው አፍ ጭራ ስትሰካ የምታደርገው ይህንኑ ነው፦ ጭራው ከላላ አተላው ሲኒ ውስጥ ይወርዳል፤ ከጠበቀ ቡናው አልቀዳ ይላል። የጣሳ ምርጫም በእነዚህ በሁለቱ መሀል ነው።

«እኔ ባዶዋን በርካሽ ገዝቼ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ እጠቀጥቅባታለሁ!»

ሽቦው ሲፈረፍር ቀጥሎ የሚያገኘው የቱርቦውን ክንፍ ነው። ያ ክንፍ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል። የሳህኑን ሽቦ ለሳህኑ ተውለት።

ለናፍጣ መኪና ምሳሌ ስጥ ካላችሁኝ፣ አውስትራሊያውያን በረሃ በሚያቋርጡ ናፍጣ መኪኖቻቸው ላይ የሚያስሩትን የጀርመኑን ኩባንያ የማን ኡንድ ሁመልን ፕሮቬንት 200 እጠቅሳለሁ። ጥቁር ፕላስቲክ ነው፤ አያብረቀርቅም። ግን የሚቀየር ማጣሪያ አለው፤ ማጣሪያው ቢደፈን እንኳ ግፊቱን የሚያስተነፍስ ቫልቭ አለው። ያ የማስተንፈሻ ቫልቭ ከማንኛውም ቀለም ይበልጥብኛል።

«ቱቦው ቢጠብስ? አየር እንጂ ድንጋይ አይደል የሚያልፈው!»

ይቺ ንግግር ታንገበግበኛለች፤ ምክንያቱም ብዙ ቱርቦ የገደለችው እሷ ናት። ቱርቦው ዘይቱን የሚቀበለው በፓምፕ ግፊት ነው፤ የሚመልሰው ግን በስበት ብቻ፣ ወደ ሞተሩ ሆድ በመፍሰስ ነው። አንተ ቀጭን ቱቦ አስረህ የሞተሩን ሆድ ትንፋሽ ስታፍነው ሆዱ ግፊት ይይዛል፤ ከላይ የሚወርደው ዘይት መውረጃ ያጣል። መውረጃ ያጣ ዘይት በቱርቦው ዘንግ ጫፍ በኩል ይሾልካል፤ በአንድ ወገን ወደ ኢንተርኩለሩ፣ በሌላው ወደ ጭስ ማውጫው። ባለመኪናው ሰማያዊ ጭስ ያያል። «ቱርቦው ሞቷል» ይባላል፤ ብሩን ቆጥሮ አዲስ ያስገባል። አዲሱም ያጨሳል! ገዳዩ ኮፋኖ ሥር እያብረቀረቀ ተቀምጧልና። ስለዚህ የጣሳው አፍም ሆነ ቱቦው ከፋብሪካው ቱቦ የውስጥ ስፋት አይነስ። ብዙ ጊዜ 19 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ አንተ ግን የራስህን ለካ። ሹል ማጠፊያም አታብዛበት፤ እያንዳንዱ ጉብጠት ትንፋሽ ይቀንሳል።

አዲስ አበባ ላለ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። በፋሻው የሾለከው ጋዝ፣ ክብደቱ ያው ሆኖ፣ እዚህ አንድ ሦስተኛ ያህል ተጨማሪ ቦታ ይፈልጋል። ቱርቦውም ማኒፎልዱን በዚያው ግፊት ለመሙላት ይበልጥ መፍጠን አለበት። በባሕር ዳርቻ አገር «ልክ ነው» የተባለ ጠባብ ቱቦ እንጦጦ ሲወጣ ልክ አይሆንም። የሻጩን ሠንጠረዥ ሲያሳዩህ ያገርህን ከፍታ አስታውሳቸው።

ከዴንቨር የሚደውለው ዘመድ ደግሞ በተራው «እኛም ከፍታ ላይ ነን፣ ያንተኑ ዓይነት ልሰር» ይላል። እናንተ ከፍታ ብቻ ሳይሆን በረዶም አላችሁ፤ ከጋዙ ጋር የሚወጣው የውሃ ተን ጣሳው ውስጥ ይጠራቀምና በክረምት ሌሊት ይረጋል። የረጋ ጣሳ የታነቀ ሞተር ነው፤ ጠዋት አስነስተህ ስትሄድ የክራንክሻፍቱን የኋላ ማኅተም ሊያፈነዳብህ ይችላል። ቱቦህ ውሃ የሚያቁር ጎድጓዳ ቦታ አይኑረው፤ ብርዱ ሲጠነክር ጣሳውን ቶሎ ቶሎ አራግፍ፣ ወይም እስኪበጋ ፍታው።

የት እንደሚታሰር ብዙ አልልም። ከቱርቦውና ከጭስ ማውጫው ሙቀት ራቅ ያለ፣ ነፋስ የሚያገኝ፣ ማራገፊያው እጅ የሚደርስበት ቦታ ይሁን። ማሰሪያ ብረቱ ወፍራም ይሁን፤ የእኛ መንገድ ቀጭን ብረት ይሰነጥቃል። ተራ የራዲያተር ሲሊኮን ቱቦ ዘይት ያልባል፤ ዘይት የሚችል ጎማ ጠይቅ፤ ሲሳብ የማይጨማደድ።

«ልጄ፣ የእኔ ሾፌር ያሰራት ጣሳ በሳምንት ትሞላለች። ጎበዝ ጣሳ ናት አለኝ» አሉኝ የሃይሉክስ ባለቤት የሆኑ እናት።

እትዬ፣ ጣሳዋ ጎበዝ ብትሆንም ሞተርዎ ታሟል። ጤነኛ ሞተር በሳምንት ጣሳ አይሞላም። በመጀመሪያ የዘይቱ መጠን ከመለኪያው ምልክት በላይ እንዳይሆን ያሳዩት፤ ሲበዛ ክራንክሻፍቱ እየመታ አረፋ ያደርገዋል። ትርፍ ከሌለው ሞተሩ ሞቆ ሳለ የዘይት ክዳኑን ላላ ያድርጉና ይመልከቱ፤ ጭስ በኃይል እየገፋ የሚወጣ ከሆነ ኮምፕሬሽን ያስለኩ፤ የአራቱን ሲሊንደሮች ቁጥር እርስ በርስ ያስተያዩ። ፋሻ ካለቀ ጣሳ አያድሰውም። ደግሞም ይጠንቀቁ፦ ናፍጣ ሞተር ዘይትም ያቃጥላል። የሞላ ጣሳ ተገልብጦ ዘይቱ ባንዴ ወደ መግቢያው ከተሳበ ሞተሩ በራሱ ዘይት መንደድ ይጀምራል፤ ቁልፉን ቢያጠፉት እንኳ ላይጠፋ ይችላል፤ እስኪሰባበር ይፈጥናል። ሾፌርዎ ያመሰገናት ጣሳ ይህን ያህል ታስፈራለች።

«ታዲያ በስንት ጊዜ ላራግፈው?»

እንደታሰረ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደጋግመህ እየው፤ የራስህ ሞተር ስንት እንደሚሰጥ ከዚያ ታውቃለህ። ከግማሽ በላይ ሳይሞላ አራግፍ። ቢያንስ ዘይት በቀየርክ ቁጥር ፈትተህ እጠበው፤ የቱቦውን ማሰሪያ አጥብቀው።

«የተጠራቀመውን መልሼ ሞተሩ ውስጥ ልጨምረው? ዘይት ተወዷል እኮ!»

መወደዱን አውቃለሁ፤ ያ ግን ዘይት ብቻ አይደለም። ውሃ አለበት፣ ያልተቃጠለ ነዳጅ አለበት፣ አሲድ አለበት። ሞተሩ አንዴ የተፋውን አታጉርሰው። ወደ ቦዩም አትድፋው፤ ቦዩ ወንዝ ይገባል፣ ወንዙም ጎመን ያጠጣል። ጋራዡ የተቃጠለ ዘይት የሚያጠራቅምበት በርሜል አለ፤ እዚያ ጨምረው።