የቤት ዓሣ በመብራት ቆጣሪ ላይ የሚያደርሰው ጫና፦ መተማና ገላባትን ማዕከል ያደረገ ቅድመ ጥናት

በኢትዮጵያና በሱዳን ድንበር ግራና ቀኝ ስላሉት ስለ መተማና ገላባት ብዙ ተጽፏል። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የወደቁት እዚሁ ነው፤ በ1933 ዓ.ም. እንግሊዝና ጣልያን ገላባት ላይ በመድፍ ተነጋግረዋል። ስለ ሰሊጡም፣ ስለ ጉምሩኩም፣ ስለ ስደተኛውም ሞልቷል። አንድ ሰው ሳሎኑ ውስጥ ዓሣ ቢያኖር የመብራት ሒሳቡ ስንት እንደሚመጣበት ግን ጸሐፊዎቹ ሁሉ በዝምታ አልፈውታል። ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት የተነሣ ነው። ማንም አላዘዘንም።

ከሒሳቡ እንጀምር። ቀንም ሌትም የማያርፍ ባለ 4 ዋት የአየር ፓምፕ፣ እንደዚያው የማያርፍ ባለ 6 ዋት ማጣሪያ፣ በቀን 8 ሰዓት የሚበራ ባለ 15 ዋት አምፖል፤ ተደምሮ በወር 10.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። እስከ 2011ዱ የታሪፍ ማሻሻያ ድረስ የመጀመሪያው እርከን ዋጋ 27 ሳንቲም ገደማ ስለነበር ዓሣው በወር 3 ብር የማይሞላ ጨዋ ተከራይ ነበር። ታሪፉ ግን ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የሚወጣ ደረጃ ነው፤ ፍሪጁና ምጣዱ አስቀድመው ላይ ወጥተው ስለሚጠብቁ ዓሣው የሚከፍለው እነሱ ባደረሱት ዋጋ ነው። ቢል ሲመጣ ግን ምጣዱን የሚከስ የለም። «ዓሣው ነው የበላው» ይባላል።

አዲስ አበባ ላይ ዋነኛው በላተኛ ማሞቂያው ነው። የሞቃት አገር ዓሣ 25 ዲግሪ ገደማ ይሻል፤ የአዲስ አበባ ክረምት ደግሞ ለሰውም አልሆነ። ባለ 100 ዋት ማሞቂያ የቀኑን ግማሽ ቢሠራ በወር 36 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጨምራል፤ ይህም ከቀሩት ዕቃዎች ድምር ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። መተማ ላይ ማሞቂያ ሥራ ፈት ነው፤ ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ያልፋል። «እንግዲያው ቆላው ይቆጥባል» የሚል ተመራማሪ ይኖራል። ዓሣውን አልጠየቀም። ውኃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ 25 ዲግሪ ላይ በሊትር ከ8 ሚሊ ግራም በላይ የነበረው 35 ላይ ከ7 በታች ይወርዳል፤ ዓሣው ደግሞ በሙቀቱ ብዛት የበለጠ መተንፈስ ይፈልጋል።

ስለዚህ ቬንትሌተሩ ይዞራል። ነፋስ የውኃውን ፊት ሲነካ ትነቱ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ ገላባት ላይ ዚር የሚሉት የሸክላ ጋን ውኃ የሚያቀዘቅዘው በዚሁ ሕግ ነው። እዚህ ላይ የጥናቱ ዋና ግኝት ይመጣል፦ ቬንትሌተሩ ድሮም ይሠራ ነበር፤ የተለወጠው የአንገቱ አቅጣጫ ብቻ ነው። ቆጣሪው ለውጡን አላየውም። አንገረብ በሚሉት የጠፍር አልጋ ላይ በካናቴራ የተጋደሙት አባወራ ግን አይተውታል። ተነሥተው ወደ ራሳቸው ያዞሩታል፤ ልጃቸው «አባዬ፣ ይሞታሉ እኮ!» ትላለች፤ ይመልሱታል። ይህ ወጪ በየትኛው እርከን እንደሚሰላ ታሪፉ አይገልጽም።

ቀጥሎ መብራት ይጠፋል። ፓምፑ ይቆማል፤ ሒሳቡም ይቆማል። የቤት ዓሣ ቁጠባ ጣሪያ የሚነካው በዚህች ሰዓት ነው፤ ተጠቃሚው ግን በሕይወት ላይቆይ ይችላል። ኃይል በአካባቢው የለም እንዳይባል፣ በ2006 ዓ.ም. ገዳሪፍ ላይ የተመረቀው መስመር ያኔ 100 ሜጋ ዋት ለሱዳን እንዲያደርስ ታስቦ ድንበሩን ተሻግሯል። ይህም 25 ሚሊዮን የአየር ፓምፕ ማለት ነው። 230 ሺህ ቮልት ግን ለአንድ ፓምፕ ተብሎ ከላይ አይቀዳም። በእኛ በኩል ያለው ማከፋፈያ ጣቢያ የሚገኘው ገንዳ ውኃ ከተማ ነው፤ ስሙ በውጤታችን ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ የለም።

መፍትሔው ጓንግ ውስጥ ነበር። ወንዙ ወደ ታች አትባራ ይባላል፤ በበጋ ይቆራረጥና ዓሣው በየኩሬው ይታጎራል። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በሰኔ 1853 ዓ.ም. ደረቁ አትባራ ዳር ሰፍሮ ሳለ ጎርፉ በሌሊት ደርሶ ወንዝ ሲያደርገው አይቷል። እስከዚያች ሌሊት በኩሬ ውስጥ የሚቆይ ዓሣ ቢል አይመጣበትም። አምባዛ ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ኦክስጅን ሲያጣ ወደ ላይ ብቅ ብሎ ከአየሩ ይስባል። ፓምፕ አይሻም፤ መብራት ቢጠፋ ግድ የለውም፤ ቬንትሌተሩም ለአባወራው ይመለሳል።

ቀሪው ችግር አምባዛ ከአንድ ሜትር በላይ ማደጉ ነው። ሙቀቱ የሚበረታው ደግሞ በሁዳዴ ነው፤ ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለው ነባር ክርክርም በዚያው ሰሞን፣ እዚያው ገንዳ ፊት ለፊት ይነሣል። ክርክሩ በአባወራው አሸናፊነት ካለቀ የቤቱ የመብራት ወጪ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። የዘይቱና የከሰሉ ግን ለሌላ ተመራማሪ ይቆይ።