ሂሳብና መልስ በቢቸና–ሞጣ መስመር

ጥያቄው በየትምህርት ቤቱ የታወቀ ነው። አንድ አውቶቡስ ከቢቸና፣ ሌላው ከሞጣ፣ እኩል ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተነሱ። የቢቸናው በሰዓት 40፣ የሞጣው 20 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። በመካከላቸው 120 ኪሎ ሜትር ቢኖር (እንበል ነው፤ ማንም ወርዶ አልለካውም) መቼና የት ይገናኛሉ?

ተማሪው ደረጃ በደረጃ ይሠራዋል። የተሰጠውን ጽፎ፣ የሚፈለገውን ጽፎ፣ ሁለቱን ፍጥነት ይደምራል፤ 60። 120 ለ60 ሲካፈል 2 ሰዓት። ስለዚህ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ ከቢቸና 80 ኪሎ ሜትር ላይ። ከመልሱ ሥር ሁለት ጊዜ ያሰምራል። ማስመሩ ነጥብ የለውም፤ ግን ያላሰመረ ተማሪ በመልሱ እንዳላመነ ይቆጠራል።

የዚህ ጥናት አቅራቢ ገና ከ"የተሰጠው" አላለፈም። እኩል የተነሱ አውቶቡሶች በመናኸሪያው አልተገኙም። ረዳቱ "አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!" እያለ ሲጣራ አጥኚው በሩ ሥር ቆሞ ቆጠረ። ሦስት ሰው ገባ፤ አንድ ሰው ቀረ። አንዲት እናት ከነልጃቸው ከነዶሯቸው ገቡ፤ አሁንም አንድ ሰው ቀረ። "አንድ ሰው" የቱንም ያህል ቢቀነስለት የማይጎድል ቋሚ ቁጥር መሆኑ በዚህ ተረጋግጧል።

ፍጥነቱም እንዲሁ ነው። ደብረ ወርቅ ላይ ለቁርስ ዜሮ ሆነ፤ ጉንደወይን ላይ ጤፍ ሲጫን ዜሮ ሆነ። ከሞጣ የመጣው ሲገጥመን ሹፌሮቹ መስኮት ለመስኮት ቆመው ስለ ጎማ ተጫወቱ። መጽሐፉ የት እንደሚገናኙ እንጂ ከተገናኙ በኋላ ምን ያህል እንደሚቆዩ አይጠይቅም።

አገሩ ስሌት አያውቅም እንዳይባል ግን አንድ ነገር ይመዝገብ። የአብነት ትምህርት የሚሰጥበት ዲማ ጊዮርጊስ ከቢቸና ሩቅ አይደለም። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው የ2018ን አጽዋማትና በዓላት ሲያወጣ 5500 ይደምራል፤ 7518። ለ19 ሲያካፍለው 13 ይተርፋል፤ ከዚያ አንድ ያነሣል፤ ወንበሩ 12። በ11 አባዝቶ ሠላሳ ሠላሳውን ሲገድፍ አበቅቴው 12፣ በ19 አባዝቶ ሲገድፍ መጥቁ 18። ሁለቱ ተደምረው 30 ካልሆኑ የሆነ ቦታ ተሳስቷል። መልስ ፍለጋ የመጽሐፉን የመጨረሻ ገጽ መስረቅ የለም።

በአውቶቡሱ ውስጥ ሂሳብ የሚጀመረው ከተማው ካለፈ በኋላ ነው። ረዳቱ ከኋላ ወንበር ተነስቶ "ሂሳብ! ሂሳብ!" ይላል። ብሩን በቁመቱ አጥፎ በጣቶቹ መካከል ሰክቶ፣ ማን ለሁለት እንደከፈለ፣ ማን ደብረ ወርቅ ወራጅ እንደሆነ፣ ማን የተኛ መስሎ እንዳለፈ ያለ ወረቀት ይዟል። "ደረጃውን አሳይ" ቢባል ከአሥር ዜሮ ያገኛል።

አጥኚው 200 ብር ሰጠ። እዚህም እንደ መጽሐፉ የመጨረሻው ደረጃ መልስ ነው።

"መልስስ?"

"ዝርዝር የለም ጋሼ። ሞጣ ስንደርስ።"

ሞጣ ስንደርስ ረዳቱ ጣሪያ ላይ ነበር፤ ጤፍ ያወርዳል።